መቀርቀሪያው ወይስ ውሃው

ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሎሚ ገዝቼ ስመለስ፣ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ስደርስ አንድ ሽታ አቆመኝ። የራሰ አሸዋ ሽታ ነው። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት፤ ደመና የሚባል ነገር የለም፣ ፀሐዩ እንደ ወትሮው አናት ይበሳል። የድሬ ልጅ ካልሆናችሁ ይህ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ደቻቱ ማለት ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ውሃ የሌለው ወንዝ ነው፤ አሸዋው ላይ ሰው ይነግዳል፣ ግመል ይተኛል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንብና፣ ጎርፉ ሰማይ በጠራበት ቀን ከላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚተርከው ያን ሰዓት አሸዋው ላይ ያልነበረ ሰው ነው። እኔ ያን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር ቀኝ እጄ ሳላዘው ይነሳል። የበር መቀርቀሪያ ይፈልጋል። አንድ እጄን በሎሚ ከረጢት፣ አንዱን በአየር ላይ አድርጌ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

እንዲህ እንደቆምኩ አንድ ባጃጅ ሊያልፈኝ ብሎ ቆመ። ከውስጡ የአሮጊት ድምፅ፣ «ወሪያ! ታይፒስቱ!» አለ። ከረጢቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ጋሽ ጌታቸው ነው የሚለኝ፤ ልጆቹ አባባ ይሉኛል፤ ባለባጃጆቹ ፋዘር ይሉኛል። «ታይፒስቱ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው በሕይወት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በዚህ ስም የምትጠራኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሐዋ። በወጣትነቴ በር የቀረቀርኩባት፣ ፍርድ ቤት የከሰሰችኝ፣ የረታኋት፣ ከዚያም በባቡር ሄዳ የጠፋችው ሐዋ። መርታትስ ልበለው? እንጃ። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት መዝገቡን ስከፍትና ስዘጋ ኖሬ እስካሁን ብይን የለኝም።

ያኔ ድሬዳዋ ሌላ ነበረች ልል ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ ግድ የላችሁም ስሙኝ። ከዚራ ሰፈር በኩል ከዛፎቹ ጥላ ሥር በፈረስ ጋሪ ይኬዳል፤ ቸኩለህ ከሆነ ፔጆ ታክሲ ውስጥ በስሙኒ ትገባለህ። ሳምቡሳ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ያውም ሥጋው የሚታይ ሳምቡሳ። ቀትር ላይ ከተማው ይዘጋል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነጋዴውም ጸሐፊውም ሽርጡን አገልድሞ ይጋደማል፤ የሚንቀሳቀስ ቢኖር ፍየል ነው። ከቀትር በኋላ ሻይ ቤቶቹ ቴፓቸውን ይከፍታሉ፤ የአማርኛው ዘፈን ሲያልቅ የሶማሊኛው ይጀምራል፣ ከዚያ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ዓረብኛ፣ «ቀይረው» የሚል ሰው የለም። እኔ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ሱሪና ነጭ ናይለን ሸሚዝ ነበር የምለብሰው። በድሬ ሙቀት ናይለን መልበስ ራሱ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ሆነ ብሎ የሚፈጽመው በደል ነው፤ ግን ፋሽን ነበር። የማን መንግሥት ነበር ብትሉኝ ይምታታብኛል። ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ይቀያየር ነበር፤ የሳምቡሳው ዋጋ ግን ለረዥም ጊዜ አልተነካም።

ሥራዬ ፍርድ ቤት ነበር፤ ዳኛው የሚሉትን በጽሕፈት መኪና መተየብ። ነፍስ ግድያውና ስርቆቱ ሌላ ችሎት ነው የሚታየው። የኛ ችሎት የፍትሐ ብሔር ነበር፤ ሰው ሰውን ሆነ ብሎ በድሎት «ይካሰኝ» ወይም «ጥፋቱን ይመንልኝ» የሚልበት። ሕጉ የሰውን አካል ያለ ፈቃዱ መንካትን እጅ እልፊት ይለዋል። በጥፊ ቢሆን፣ በዱላ ቢሆን፣ የዕቃ እጣቢ ደፍተህበት ቢሆን ያው ነው። ዱላ አንስቶ ማስፈራራት ብቻውን ግን እጅ እልፊት አይባልም። ሰውን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ያለ ሥልጣን ከመንቀሳቀስ መከልከልም ጥፋት ነው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ መከላከያ አለው፦ ራሴን ሳድን ነው፣ ሌላ ሰው ላድን ብዬ ነው፣ ንብረቴን ስጠብቅ ነው፣ ይቃወመኛል ብዬ መገመት አልችልም ነበር። ይህን ሁሉ በካርቦን ወረቀት ሦስት ሦስት ኮፒ እያደረግኩ ተይቤዋለሁ፤ ዳኞቹ ቢረሱት እንኳ ጣቶቼ አይረሱትም።

አንዱን ላጫውታችሁ። መጋላ ሰፈር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቀትር ላይ ጺሙን ሊላጭ የገባ ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ከጺሙ ጋር ሪዙም የለም። ሰውዬው ለሪዙ የሚሞት ሰው ነበር፤ ከሰሰ። ዳኛው ፀጉር አስተካካዩን፣ «ለምን አልጠየቅከውም?» አሉት። «ተኝቶ ነበር ጌታዬ።» «የተኛ ሰው ፈቀደ ማለት ነው?» «ጌታዬ፣ በድሬ ቀትር የተኛን ሰው መቀስቀስስ በደል አይደለም ወይ?» ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛውም አፋቸውን በመዝገብ ሸፈኑ። ለማን እንደፈረዱ ዛሬ አላስታውስም። ከሳሹ ሪዙ እስኪበቅል ድረስ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ሲሄድ ግን አሁንም ይታየኛል። በሰው ጉዳይ እንዲህ ስቄአለሁ፤ ያኔ በራሴ ላይ የሚመጣውን ምን አውቄ።

የምኖረው መጋላ በኩል፣ ግቢው ከደቻቱ ዳር ነበር። ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ። ሐዋ ከኔ ክፍል ፊት ለፊት አንድ ክፍልና አንድ የጨርቅ መጋዘን ተከራይታ ትነግድ ነበር፤ ሸቀጡ ከጅቡቲ በባቡር ነው የሚመጣላት። ረዥም ናት፤ ስትስቅ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ይታያል። ጋርባሳሯን፣ ያን ትከሻዋ ላይ የምትጥለውን ስስ ነጠላ መሳይ ጨርቅ፣ በየቀኑ ትቀያይራለች፤ ሰኞ ብርቱካናማ ከሆነ ማክሰኞ ባሕር ይመስላል። ማታ ማታ ግቢው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን እሷ ሶማሊኛ ቁጥር ታስተምረኛለች፣ እኔ የችሎቱን ወሬ እነግራታለሁ። የሪዙን ታሪክ ነግሬያት ውሃ ትን ብሏት ነበር። ወድጃት ነበር። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ጸጉሬ መሸበት ነበረበት። እሷ በሃይማኖቷ፣ እኔ በሃይማኖቴ፤ ድሬ ውስጥ ይህ አብሮ ለመብላትና ለመሳቅ አይከለክልም፣ ከዚያ ያለፈውን ግን ሁለታችንም ለመናገር አንደፍርም ነበር። ወይም እኔ ነኝ ያልደፈርኩት። የእሷን ልብ በምን አውቄ እናገራለሁ?

አንድ ቀን ከጅቡቲ ሰው መጣ። አባቷ ታመዋል፣ ቶሎ ነይ ብለዋል። ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነበር ወደ ድሬ የመጣችው፤ በምን እንደተጣሉ ነግራኝ አታውቅም። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘኋት፤ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። «ዛሬ አትሂጂ፣ ሳምንት ትሄጃለሽ» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። ለምን? እሷ ከሄደች እንደማትመለስ ሆዴ ነግሮኛል፤ ይህን ማለት ነበረብኝ። «መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ» አልኩ። «ማነው የሚለው?» «ሰዎች።» ያኔ ያቺን ፍንጭት አሳይታ ሳቀች። «አቦ ታይፒስቱ! የሰው ቃል ስትመታ ትውላለህ፣ የራስህ አንድ ቃል የለህም!» አለች። ቧንቧው ጋ ያሉት ሴቶች በሙሉ አብረው ሳቁ። እሷ ለጨዋታ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ቢሮ ደርሼ እስክመለስ ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው የቆጠቆጠኝ።

ቀትር ላይ ተመለስኩ። ግቢው ተኝቷል። ሐዋ ለብሳ ተዘጋጅታለች፤ ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ከዚራ ነው፣ አሸዋውን በእግር አቋርጦ መሻገር አንድ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ጊዜ አይፈጅም። የረሳችውን ቦርሳ ልታመጣ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። የመጋዘኑ በር ከውጭ የብረት መቀርቀሪያ ነበረው። ገፋሁት። ቀጭ አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠፋብኝ። ሽታው ነበር? የነበረ ይመስለኛል። ድምፁን ሰምቼ ነው የዘጋሁት ወይስ ዘግቼ ነው የሰማሁት? አንዳንድ ቀን ድምፁ ይቀድምብኛል፤ አንዳንድ ቀን መቀርቀሪያው ይቀድምብኛል። የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ ከሩቅ እንደ ጭነት መኪና ነው የሚጮኸው፤ ጭነት መኪና ደግሞ በከተማው ሞልቷል። ከውስጥ በሩን መታች። «ማነው? ክፈት!» «ውሃ እየመጣ ነው ሐዋ፣ ቆዪ» አልኳት። «የምን ውሃ? ሰማዩን አላየህም?» «እየመጣ ነው።» ደበደበችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ክፈት!» አለች። በሕግ አምላክ ከተባለ ሽፍታም ይቆማል፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ያውም እኔ የሕግ ቤት ሰው ነኝ። አልከፈትኩም። እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ቆይቶ ውስጡ ጸጥ አለ። ከማዶ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ፣ ረዥም፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ፣ ከዚያ በኋላ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠና ውሃው መጣ።

ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ የሰው ቆርቆሮና አህያ ተሸክሞ መጣ። የግቢያችንን የታች አጥር ወስዶት ሄደ። ሰው ከእንቅልፉ እየተነሳ እየጮኸ ሲወጣ እኔ በሩ ላይ ነኝ። «ሐዋስ? ሐዋ ልትሻገር አልነበር?» አሉ። «እዚህ ናት» አልኩና ከፈትኩ። በቃ፣ ጀግና ሆንኩ። ያን ጠዋት የሳቁብኝ ሴቶች እልል አሉ። የግቢው አዛውንት ትከሻዬን ስመው፣ «አላህ በእጅህ አዳናት» አሉኝ። ሐዋ ብቻ ውሃውን አላየችውም። እጄን ነበር የምታየው።

ጎርፉ ሐዲዱን ቆርጦት ነበርና የሚቀጥለው ባቡር እስኪነሳ ቀናት አለፉ። እሷ ስትደርስ አባቷ ተቀብረዋል። ሐዘኗን ጨርሳ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ ክስ አስገባች። ካሳ አልጠየቀችም። ዳኛው፣ «ታዲያ ምን ይወሰንልሽ ነው የምትይው?» ሲሏት፣ «ሰማሁ ያለውን ነገር እውነት ሰምቶት እንደሆነ ይናገርልኝ» አለች። ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «የውሃውን ድምፅ ሰምተህ ነው በሩን የቀረቀርከው?» «አዎ ጌታዬ።» «በመካከሉ ምን ያህል ጊዜ ነበር?» «ጥቂት።» ሐዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጌታዬ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ያላደረስኩትን የቀትር ሰላት፣ ዙህርን፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። ዱዓ አድርጌአለሁ። ባቡሩ ሲነፋ ሰምቻለሁ። ይሄ ነው ጥቂት?» ዳኛው ጥሩ ሰው ነበሩ፣ አፈር ይቅለላቸው። የታፈነ ሰው ጊዜው ይረዝምበታል አሏት፤ ጎርፉስ መጥቷል አይደለም ወይ አሏት። ወሰኑ፦ ልቡናው የተስተካከለ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን አድርጓል፣ የሌላ ሰው ሕይወት ለማዳን የተደረገ ነው፣ ክሱ ውድቅ ነው።

አስቂኙን ልንገራችሁ፤ አስቂኝ ከሆነ። ሌላዋ ታይፒስት አራስ ነበረች። ዳኛው ራሳቸውን እያከኩ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አንተው ተይበው» አሉኝ። ተየብኩት። «ተከሳሹ የውሃውን ድምፅ በመስማቱ» የሚለውን በገዛ ጣቶቼ መታሁት፤ በሦስት ኮፒ። እኔ በየገጹ ሁለት ሦስት ፊደል የምስት ሰው ነኝ፤ ዳኛው ሁልጊዜ ይቆጡኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ አንዲት ስሕተት የሌለበት ገጽ ያ ብቻ ነው። ሐዋ የውሳኔውን ግልባጭ ከእጄ ተቀብላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ቆንጆ ትተይባለህ» አለችኝ። በማግስቱ ለሁልጊዜ ሄደች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋሁት አልረሳሁም፤ እንዴት ነው ይሄ? ወይስ አልወጋሁም? አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና ልጆቻችንን፣ «አባታችሁ እኮ ሰው ከጎርፍ ያወጣ ነው» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ሰርግ ላይ ተረኩት፣ ለቅሶ ላይ ተረኩት፤ ሲተረክ እያደገ መጥቶ በመጨረሻ እኔ ውሃው ውስጥ ዋኝቼ ነው ያወጣኋት። ዋና አልችልም። ዝም አልኩ። ዝም ሲሉ ደግሞ ነገሩ እውነት ይመስላል፤ አንዳንዴ ለኔም መሰለኝ። መጽሐፍ ሳነብ፣ ጥርሴን ሳሳክም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ አንዱን ከሌላው ለማስቀደም እሞክራለሁ፦ ሳቁ፣ መቀርቀሪያው፣ ፊሽካው፣ ውሃው። የውሃው ድምፅ አንዴ ከሁሉም ፊት ይመጣል፣ አንዴ ከሁሉም ኋላ። ሰው የገዛ ሐሳቡን እንዴት አያውቅም?

እንግዲህ ያቺ ሐዋ ናት ከባጃጁ የወረደችው። ጸጉሯን ሂና ቀብታዋለች፤ ከዘራ ይዛለች፤ ፍንጭቷ ያለበት ጥርስ የለም። ሆኖም ጋርባሳሯ ባሕር ይመስላል። «የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው፣ ከዚራ ነው ያረፍኩት» አለች። «አቦ ምን እንዲህ ትገተራለህ፣ ሻይ እንኳ አትጋብዘኝም?» ድልድዩ ጥግ ያለች ሻይ ቤት ገባን። ቅመም የበዛበት ሻይ በወተት አዘዝን። አሸዋው ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ ሸራ ወጥረውበታል።

«ሚስት አገባህ?»

«አገባሁ። ሞተችብኝ።»

«እኔም ሁለት ቀበርኩ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ስማ ታይፒስቱ። ሰርጉ ሳምንት ነው። እኔ አንተን ፍለጋ ነው ቀድሜ የመጣሁት። አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ዳኛውንም ደብቄአለሁ።»

እኔ ነኝ ደብቄሻለሁ ማለት ያለብኝ ብዬ ሳስብ እሷ ቀጠለች።

«ያ መጋዘን በስተኋላ በር ነበረው። ከጣቃዎቹ ጀርባ፣ ወደ አሸዋው የሚወጣ። ከውስጥ ነው የሚከፈተው። አንተ አታውቀውም፣ ጨርቁ ሸፍኖታል። በሕግ አምላክ ብዬ እንቢ ስትለኝ ሁለት ጣቃ አነሳሁ፣ እጄን መያዣው ላይ አደረግኩ።»

«ለምን አልወጣሽም?»

«አባቴን ፈራሁ። ከቤቱ ስወጣ ያልኩትን ነገር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለሰው ነግሬው አላውቅም። በምን ዓይኔ አየዋለሁ አልኩ። 'በሩ ተዘጋብኝ፣ ምን ላድርግ' ብዬ ሰገድኩና ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ፣ ደስ አለኝ። ባቡሩ ሲነፋ እፎይ አልኩ።» ሻይዋን አልነካችውም። «አባቴ መሞቱን ስሰማ ግን የኔ ጥፋት መሆን የለበትማ። የአንተ መሆን አለበት። ከሰስኩህ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ያፈንኳት ሴት ሳትታፈን ኖራለች። ወይስ ታፍና ነበር? ዘግቼባታለሁ፤ አልተዘጋባትም። ሁለቱም እውነት ከሆነ መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?

«ዳኛው ውሃውን ሰምቷል ብሎ ሲፈርድልህ ከላይ ተናደድኩ» አለች። «ከውስጤ ግን አረፍኩ። ለካ በኋላ በር ብወጣም ውሃው ይወስደኝ ነበር፣ አባቴን እንደሁ አልደርስበትም አልኩ። በዚህ ነው የኖርኩት። ወረቀትህ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ልቤ ሲያስቸግረኝ አውጥቼ አየዋለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ አንዴ ከአፍህ ልስማውና ልረፍ። ሰምተሃል፣ አይደል?»

አንድ «አዎ» ብቻ ነው የፈለገችው። አዎ ማለት ለኔ አዲስ አይደለም፤ ችሎት ፊት ብዬዋለሁ። ደግሞም መከላከያ አለኝ፤ የሌላ ሰው ዕረፍት ለማዳን ነው። አፌን ከፈትኩ። ያኔ ቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ የሆነ ነገር ሲገፋ። አዎ ብላት ያንኑ በር ድጋሚ ከውጭ መቀርቀሬ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ በስተኋላ መውጫ የለውም።

«ሐዋ፣» አልኩ፣ «እኔ ያን ቀን የሰማሁት የሴቶቹን ሳቅ ነው። ቧንቧው ጋ ያለውን። እሱን እየሰማሁ ነው የቀረቀርኩት። እንዳትሄጂብኝ ነው። ሽታው የነበረ ይመስለኛል፤ ድምፁን ግን አልሰማሁም። ውሃው የመጣው ከባቡሩ ፊሽካ በኋላ ነው።»

ሻይዋ ላይ የወተቱ ስልባቦት ጋገረ።

«እደርስ ነበራ» አለች በመጨረሻ።

«ትደርሺ ነበር።»

እንባዋ ወረደ፤ በጋርባሳሯ ጫፍ ጠረገችው። እኔም አለቀስኩ፤ አስተናጋጇ ሒሳብ ልትቀበል መጥታ ተመለሰች።

«ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?» አለች ሐዋ። «አንተ ዘጋህ። እኔ አልከፈትኩም። አንተ እኮ ሕግ ታውቃለህ፣ ምን ይላል?»

«እንጃ። መውጫ እያወቅሽ ከተቀመጥሽ ታፍኛለሁ አትዪም ሊል ይችላል። እኔ ግን መውጫ መኖሩን አላውቅም፤ ሐሳቤ መዝጋት ነው። ሁለታችንንም ሊይዝ ይችላል። ሁለታችንንም ሊለቅ ይችላል።»

«ምን ዓይነት ሕግ ነው አቦ!» አለች። የሳቀች ይመስለኛል፤ ያለቀሰችም ይመስለኛል።

ከዘራዋን ይዛ ተነሳች። በእግሯ ድልድዩን ልትሻገር ነው፤ ባጃጁ ሄዷል፣ ሌላ ልጥራ ብላት እንቢ አለች። ሕዝቡ ይጋፋል፣ ጋሪው ያልፋል። እጄ እንደ ልማዱ ሳላዘው ወደ ክንዷ ሄደ። መንገድ ላይ ያዝኩት፤ የገዛ እጄን። እሷም አየችው፤ ያን ቀን ባየችው ዓይን።

«ሐዋ፣ ክንድሽን ልያዝ?»

«አሁን ነው የምትጠይቀው?»

«አሁን ነው።»

ቆም ብላ አሰበችበት፤ እውነትም አሰበችበት። ከዚያ ክንዷን ሰጠችኝ። ቀስ እያልን ሄድን። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ከታች ሸራቸውን የሚነቅሉ ሰዎች ወደ ዳር ሲሮጡ አየን። ሰማዩ እንደጠራ ነው። ከላይ በኩል፣ ከሩቅ፣ እንደ ጭነት መኪና ያለ ነገር ጮኸ። ሐዋ ክንዴን ጨበጠች።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኳት።

ዞራ አየችኝና፣ «አመንኩህ» አለች።